የአሜሪካ ሙስሊሞች ድምፅ እና የቀብሪበያህ ተስፈኞች

የአሜሪካ ሙስሊሞች ለማን ድምፅ ሰጡ የሚለው ጥያቄ ከጅጅጋ ሲታይ የሩቅ ወሬ ይመስላል። ግን አይደለም። ሚኒሶታና ኦሃዮ ዘመድ ያለው ቤተሰብ እዚህ ብዙ ነው። በአካባቢው ባሉት የቀብሪበያህ፣ የአውበሬና የሸደር መጠለያዎችም ወደ አሜሪካ የመሄድ ተስፋ ይዘው ዓመታት ያሳለፉ የሶማሊያ ስደተኞች አሉ።

ብዙዎቻችን የአሜሪካ ሙስሊም ሁልጊዜ ዴሞክራቶችን የሚመርጥ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን አራት ትልልቅ የሙስሊም ድርጅቶች ያቋቋሙት ጥምረት ድጋፉን የሰጠው ለሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ነበር። ቡሽ በምርጫ ክርክር ላይ በዓረብ አሜሪካውያን ላይ የሚቀርበውን “ምስጢራዊ ማስረጃ” ነቅፈው ነበርና። ዓመት ሳይቆይ የመስከረም አንዱ ጥቃት ደረሰ፤ ሙስሊሙን በክትትል ሥር የጣለው የፓትርዮት ሕግም በቡሽ ፊርማ ጸደቀ። ማኅበረሰባችን ከፓርቲው ራቀ።

በ2024 ነገሩ እንደገና ተገለበጠ። ከአራት ዓመት በፊት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፁን ለባይደን የሰጠው የሚሺጋኑ ዲርቦርን፣ ዶናልድ ትራምፕን በ42 በመቶ ገደማ አንደኛ አደረገ። ዋናው ምክንያት ጋዛ ነበር፤ የባይደን አስተዳደር ለእስራኤል የሚሰጠው መሣሪያ ብዙዎችን አስቆጥቷል።

ሌላው ምክንያት ትምህርት ቤት ነው። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕፃናት ስለ ተመሳሳይ ጾታ የሚያወሱ መጻሕፍት እንዲነበቡላቸው በመደረጉ፣ በ2023 ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሶች አብረው ሰልፍ ወጥተዋል። ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ለወላጆቹ ወሰነ። ስድስቱም ወግ አጥባቂ ዳኞች ናቸው።

ይህ ፍርድ ያስደስታል፤ ልጆችን በዲን ማሳደግ የሁላችንም ጭንቀት ነው። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት ጁን 26 ቀን 2018 ሶማሊያን ጨምሮ የበርካታ ሙስሊም አገሮች ዜጎችን የሚያግደውን የትራምፕ ትእዛዝ 5 ለ 4 አጽድቋል። ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ሥልጣን በያዙበት ቀን የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም አዘዙ። በጁን ደግሞ ሶማሊያን ከታገዱት 12 አገሮች መካከል አስገቡ። በዲሴምበር ሶማሌዎችን “ቆሻሻ” ብለው ጠሩ።

ስለዚህ የሜሪላንዱ አባት ለልጁ ያገኘውን መብትና በቀብሪበያህ ያለችው እናት ያጣችውን ዕድል ያመጣው አንድ ፖለቲካ ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አልተቻለም።

ይህን ስንል ዴሞክራቶችን ምረጡ ማለታችን አይደለም። ጋዛ ምን እንዳደረጉ አይተናል። ብዙ ዑለሞች ድምፅን ከምስክርነት ጋር ያመሳስሉታል፤ ምስክርነት ደግሞ በቁጣም በውለታም አይሰጥም። ስለ ቤተሰብ እሴት ከእኛ ጋር የሚስማማ ፖለቲከኛ ስለ እኛ መምጣትና መኖር የሚለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሳይጠይቁ ድጋፍ መስጠት የ2000ን ስህተት መድገም ነው።

በሚኒያፖሊስና በኮሎምበስ ያላችሁ ወንድምና እህቶች፣ ድጋፋችሁን የሚፈልግ እጩ መስጂዳችሁ ሲመጣ ስለ ትምህርት ቤቱም፣ ስለ ጋዛም፣ ስለ ቤተሰብ መገናኘትም ቁርጥ ያለ መልስ ጠይቁት። መልሱን እዚህም የሚጠብቅ ሰው አለ።

ወላሁ አዕለም።