የመጀመሪያው እሑድ በሸራ ሥር



ባለፈው ወር የተነሣው ነፋስ የቤተ ክርስቲያናችንን የጣሪያ ሸራ ከመሐል ለሁለት ቀደደው። ከሰዓት በኋላ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩትም እዚያው ስለሆነ፣ ነገሩ ለእኛ ለአስተማሪዎችም ዱብ ዕዳ ሆነብን። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰብስቦ «መዋጮ ይሰብሰብና ቆርቆሮ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ አንድ አባት ብድግ አሉና «ቆርቆሮ የመታን ዕለት አገራችንን ረሳን ማለት ነው። ለእንግዳ ሸራ ይበቃዋል» አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «አባቴ፣ ልጄ እዚህ ክርስትና ተነሥታ እዚሁ ልትዳር ነው። እስከ መቼ ዝናብ ይምታን?» ሲሉ መለሱላቸው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስብሰባው ሳይቋጭ ተበተነ።

እኛም ቤታችን ገብተን ስናሰላስል፣ ከእኛ በፊት በሸራ ሥር ያመለኩ ስደተኞች ትዝ አሉን። ታሪኩ የዚሁ የአፍሪካችን፣ የሴራሊዮኗ ፍሪታውን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ለመላቀቅ ሲዋጉ፣ እንግሊዞች ከዐመፀኛ ጌታው አምልጦ ወደ እነርሱ የሚመጣ ባሪያ ነፃ እንደሚወጣ ቃል ገቡ። እንግሊዞች ተሸንፈው በ1783 ሲወጡ ወደ 3,000 የሚሆኑ ጥቁሮችን ዛሬ የካናዳ ክፍል ወደ ሆነችው ኖቫ ስኮሺያ ወሰዷቸው። መሬት ይሰጣችኋል ተባሉ። ብዙዎቹ ግን አላገኙም፤ ያገኙትም ድንጋይና ብርድ ነው ያገኙት።

ከእነዚህ መካከል ዴቪድ ጆርጅ የሚባል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት የተወለደ የባፕቲስት ሰባኪ ነበረ። ሼልበርን በምትባል ከተማ ከምእመናኑ ጋር የጸሎት ቤት ሠራ። በ1784 ከጦር የተሰናበቱ ነጭ ወታደሮች «ጥቁሮቹ በርካሽ እየሠሩ እንጀራችንን ዘጉብን» ብለው ተነሡባቸው። (ይህን ክስ ስደተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።) አርባ ሃምሳ ሆነው መጡና የመርከብ ዕቃ ማንሻ ገመድ አምጥተው ቤቶቹን አንድ በአንድ ገለበጧቸው። የጸሎት ቤቱን ሊያቃጥሉት ሲሉ ያስጣላቸው የራሳቸው አለቃ ነው። ጆርጅ ግን መስበኩን አልተወም። በዱላ ደብድበው ረግረግ ውስጥ ከተቱት፤ እርሱም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በርችታውን ወደምትባለው የጥቁሮች ሰፈር ተሻገረ። ኋላ ሲመለስ የጸሎት ቤቱን አንድ ባለ መጠጥ ቤት ይዞት አገኘው። ሰውየው አልለቅም ቢልም ጆርጅ ቤቱን አስመለሰ።

በ1791 ጆን ክላርክሰን የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን መጥቶ፣ ወደ ሴራሊዮን ለሚሄድ ወንድ 20 ኤክር፣ ለሚስቱ 10፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 5 ኤክር መሬት እንደሚሰጥ ነገራቸው። ያን ጊዜ ሰው በነፍስ ወከፍ ብቻ አልነበረም የተመዘገበው፤ የጆርጅ ጉባኤ ከጥቂቶች በቀር እንዳለ ተነሣ። የሜቶዲስቶቹም ከሰባኪዎቻቸው ጋር እንዲሁ። በጥር 1792 ወደ 1,200 ሰው በ15 መርከብ ተጭኖ ከሃሊፋክስ ተነሣ። መንገድ ላይ የሞቱት ጥቂት አይደሉም።

ከደረሱ በኋላ የመጀመሪያውን እሑድ ጆርጅ የሰበከው በመርከብ ሸራ ሥር ነው። ለተወሰኑ ሳምንታትም እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ እንጨት መሬት ላይ ተክለው፣ ከላይ አጣና ጋድመው፣ ሣር ከደኑበት። እኛ መቃኞ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው፤ ዋናው እስኪሠራ መጠለያ። ታላቁ የፍሪታውን ዛፍ ሥር ተሰብስበው ምስጋና አድርሰዋል የሚለውን ደግሞ የአገሩ ሰው ሲተርክ ኖሯል። ያ ዛፍ በግንቦት 2023 በማዕበል ወድቋል።

ክረምቱ ሲገባ ወባው ብዙ ሰው ጨረሰ። ቃል የተገባውም መሬት ሙሉ በሙሉ አልተሰጠም፤ አስተዳዳሪው ኩባንያ ይባስ ብሎ የመሬት ግብር ክፈሉ አለ። ታዲያ ሰው አቤቱታውን የሚመክረው የት ነበር? በየጸሎት ቤቱ። ዓይነ ሥውሩ የሜቶዲስት ሰባኪ ሞዘስ ዊልኪንሰንና ጉባኤው አንከፍልም ካሉት ዋነኞቹ ነበሩ። በ1796 ገዥው ሰባኪዎቹ ጋብቻ እንዳያስፈጽሙ ደንብ ሲያወጣ፣ ጉባኤያችን በራሱ የቆመ ነው ብለው በጽሑፍ ተቃወሙ። ዴቪድ ጆርጅ ግን ከገዥዎቹ ጋር መስማማትን መረጠ። በአንድ መርከብ የመጡ ሰዎች በየጣሪያቸው ተለያዩ። ተማሪዎች ማን ልክ ነበር ብለው ሲጠይቁን ወደ ዊልኪንሰን ወገን እናዘነብላለን፤ ያን ሁሉ ዱላ የቀመሰን ሰው ግን ፈሪ ለማለት አፋችን አይደፍርም።

በ1800 ነገሩ ወደ ዐመፅ ደረሰና ተደቆሰ፤ ሁለት ሰዎች ተሰቀሉ። ኩባንያው ዐመፁን ያበረደው በዚያው ሰሞን በደረሱ ሌሎች ስደተኞች ነው። ማሩኖች ይባላሉ፤ ከጃማይካ በ1796 ወደ ኖቫ ስኮሺያ ተግዘው፣ ከዚያ ወደ ፍሪታውን የተላኩ ናቸው። አዲስ መጤውን ስደተኛ በቀደመው ላይ ማሰለፍ ያኔም ነበረ።

እንግዲህ ለእኛ ክርክር የሚሆነው የነዚህ የማሩኖች ነገር ነው። አገራቸው ጃማይካ ከልባቸው አልወጣችም። ሆኖም በ1820 አካባቢ ፍሪታውን ላይ የቅዱስ ዮሐንስን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በ1841 ደግሞ ከእነርሱ የተወሰኑት መርከብ ተሳፍረው ጃማይካ ገቡ። ቤተ ክርስቲያኑ መሄዳቸውን አልከለከላቸውም፤ የቀሩትም ጸለዩበት፣ ዛሬም ቆሟል።

ይህን ለእኒያ አባት በሳምንቱ ራሽን ሰልፍ ላይ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና «ጃማይካ የገቡት ስንቱ ናቸው?» አሉን። ጥቂቶቹ ናቸው ብለን መለስን። «እኔ ከጥቂቶቹ ጋር ነኝ» አሉ፤ ቀጥለውም የቆርቆሮውን ዋጋ ጠየቁን።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቀጥላል። መዶሻ ያላችሁ ይዛችሁ ብትመጡ አይጠላም፤ ከመስጊዱ ጎረቤቶቻችን መሰላል እንደሚያውሱን ነግረውናል።