ቆቡን ማን ቀደደው?

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ሲባል እየሰማን አድገናል። በመነኩሴውም ስቀናል። ደህና ቆብ ቀድዶ መልሶ መስፋት ምን የሚሉት ቂልነት ነው! ዘንድሮ ግን መመረቂያችን ሲቃረብ ሳቁ አፋችን ላይ ደርቋል። አምና የተመረቁት ጓደኞቻችን ከግቢው አጥር ወዲያ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ተጨናንቀው ይኖራሉ። ማታ ማታ ስንሄድ የምናገኛቸው የሥራ ማመልከቻቸውን ሲያፈርሱና ሲሠሩ ነው። «ታታሪ ነኝ» የሚለውን አውጥተው «በቡድን መሥራት እወዳለሁ» የሚል ይከታሉ፤ በማግስቱ ያንኑ ታታሪነት መልሰው ይሰፉታል። ቆብ መቅደድ ማለት ይኸው ነው እንግዲህ። ተረቱ ግን አንዲት ነገር ዘሎ ያልፋል። ለመሆኑ መነኩሴው ሥራውን ያጣው በምን ምክንያት ነው? ይህን የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚስቀው በቆቡ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን በቅርቡ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበን የሰማነው ንግግር ነው። ተናጋሪው (ስማቸውን አናነሣም፤ ጠባችን ከነገሩ እንጂ ከሰውየው አይደለም) ሱፍ ለብሰው፣ ማይክሮፎን ጨብጠው፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደዱ «በዚህ አገር ሥራ አጥነት የለም፤ ያለው ሥራ ጠልነት ነው» አሉን። ችግሩ አስተሳሰባችን ውስጥ መሆኑን፣ ሥራ ፈላጊነትን ትተን ሥራ ፈጣሪ መሆን እንዳለብን፣ ማለዳ ተነሥቶ መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ» ማለት ተአምር እንደሚሠራ አስተማሩን። አጨበጨብንላቸው። እውነቱ ይነገር ከተባለ አንዳንዶቻችን ቆመን ነው ያጨበጨብነው። ስንወጣ ታዲያ ከኋላችን የነበረ አንድ የአምና ምሩቅ «እኔ በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው የምነሣው፤ የጎደለኝ መስታወቱ ብቻ ነው» አለ። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

እስቲ ይህን «አስተሳሰብ» የሚሉትን ነገር ትተን በቁጥር እንነጋገር። ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. በዛሬይቱ ኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት የአዲስ አበባና የአለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት የሆኑት ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። መስፋፋቱን አንነቅፍም፤ እሱ ባይኖር ከመካከላችን ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲን በር በሥዕል እንኳ ባላየን ነበር። ግን መግቢያው እንዲህ ሲሰፋ መውጫው የት እንደሚያደርስ ያሰበበት ማን ነው? በ2001 ዓ.ም. ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ወደ እኛው ሰብአዊ ጥናት ይግባ ተባለ። እኛ ሠላሳዎቹ ሥራ ስናጣ «ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ምን ይሠራል? ማን ተማር አለህ?» እንባላለን። እሺ ይሁን። ሰባዎቹስ? በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ዲግሪያቸውን ይዘው ኮብልስቶን ሲጠርቡ የታዩት ወጣቶች ሁሉም የግጥም ተማሪዎች ነበሩ እንዴ? ድንጋይ መጥረብ ነውር ነው አላልንም፤ የቆምንበት ንጣፍ የነሱ ላብ ነው። ለድንጋዩ ዲግሪ ካላስፈለገ ግን የተማሪውን ዓመታት ማን ይመልስለታል? በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና በየትምህርት መስኩ ሁሉ መጣ። ፈተናው የተማረውን ካልተማረው ይለይ ይሆናል፤ አንዲት የሥራ ቦታ ግን አይፈጥርም።

በዚያ ላይ ዕዳ አለብን። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ድርሻችንን ከደመወዛችን እየቆረጥን እንድንከፍል ፈርመናል። ከየትኛው ደመወዝ? ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል መድን በሌለበት አገር ምሩቁ የሚኖረው በእናቱ ጓዳ፣ ወይም ዐረብ አገር ሰው ቤት በምትሠራ እህቱ ላብ ነው። እሷ ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ የሄደችው እሱ እንዲማር ነበር፤ ዛሬም እሷው ትልክለታለች። «ሥራ ጠል» የሚለውን ቃል እስቲ በሷ ፊት ይድገሙት!

በደርግ ዘመን መንግሥት ተመራቂውን መድቦ ያሠራ እንደነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ያን ዘመን የምንናፍቅ አይምሰላችሁ፤ ምደባው የልጁን ፍላጎት የሚጠይቅ አልነበረም፣ የዘመኑም ደም አይረሳም። የተመራቂ ሥራ ማግኘት የአገር ጉዳይ ነው የሚል ሐሳብ ግን ነበረው። ዛሬ የግል ጉዳይ ሆኗል፤ ከግልም አልፎ የጠባይ ጉዳይ። በ1958 ዓ.ም. የያኔዎቹ ተማሪዎች ለማኞችና ምስኪኖች ሾላ በሚባል ስፍራ ተሰብስበው መታጎራቸውን ሲሰሙ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር። እኛስ? ሥራ ማጣት ወንጀል ነው ሲሉን የምናጨበጭብ ሆነናል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ የሚያመውም እዚህ ነው።

ለዓመታት በአራት ኪሎ የእግረኛ መንገድ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው አዲስ ዘመንንና ሪፖርተርን በኪራይ የሚያነቡ ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ። ለጥቂት ደቂቃ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ የማስታወቂያውን ገጽ በጣት እያሳደዱ ማንበብ ነው። ዛሬ ማስታወቂያው በአብዛኛው ወደ ቴሌግራም ዞሯል። ቀለለ ተባለ። የተረፈው ግን ምንድን ነው? ያ የአራት ኪሎ አንባቢ ቢያንስ ከትከሻው ጎን ሌላ ትከሻ ነበረው፤ «ይቺን አየሃት?» የሚለው ሰው ነበረው። የዛሬው በሌሊት፣ በብርድ ልብስ ውስጥ፣ ብቻውን ስልኩን ያበራል።

ከዚያ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰኞ «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፤ ልብ ይዘልላል። ማክሰኞ ኦርጅናልና ኮፒ ተይዞ ሰልፍ ነው። ለሁለት ቦታ ግቢ ሙሉ ሰው ቆሟል። «ለፈተና የምታልፉት በስልክ ትጠራላችሁ» ይባላል። ከዚያ ጀምሮ ስልኩ ከእጅ አይወርድም፤ ሽንት ቤት እንኳ ይዘውት ይገባሉ። የማይታወቅ ቁጥር ይደውላል፤ «ሃሎ» ሲሉ የተሳሳተ ቁጥር ነው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ አንድ ወር። «አልተመረጡም» የሚል ሰው የለም። እኛ ስናየው ሰው የሚሰበረው በእምቢታው አይደለም። እምቢታማ ቁርጡ ታውቆ ይለቀስና ይወጣለታል። የሚሰብረው ዝምታው ነው። የፈተና ውጤቱ አንሶ ነው? ቦታው ከመውጣቱ በፊት ለሰው ተሰጥቶ ማስታወቂያው ለይምሰል የተለጠፈ ነው? ወይስ ማመልከቻው ከነፖስታው ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል? ማንም አይነግረውም። ያልተነገረውን ክፍት ቦታ ታዲያ በራሱ ጥፋት ይሞላዋል። ያ አዳራሽ ውስጥ የሰማነው ንግግርም የሚገባው በዚህችው ቀዳዳ ነው።

ከመካከላቸው አንዱ ጓደኛችን ለእናቱ «ተቀጥሬያለሁ» ብሎ ነገራት። ክፋት አልነበረበትም፤ በየእሑዱ ስትደውል «ምን አገኘህ ልጄ?» የሚለውን ጥያቄ መሸከም አቃተው። እናቱ ለጎረቤት ነገረች። በዓል መጣ። የተቀጠረ ልጅ ለበዓል እናቱን ባዶዋን ይተዋል? ብሩን ያዋጣነው እኛ ነን። ከካፌ ወጥተን ለምግብ ከምንቀበላት ላይ ቀንሰን አዋጣን፤ ላከ፤ መረቀችው። ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። የሠራነው ግን ውሸቱን ማደስ ነው፤ ለሚቀጥለውም በዓል ቀጠሮ ያዝንለት። ባለፈው ሳምንት በመጨረሻ ነገራት። ዝም አለች ይላል፣ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ የላክኸው ብር የማን ነው?»

እንግዲህ ይህ ሐፍረት ማንን ይጠቅማል? እናቱን አልጠቀመ። እሱን አልጠቀመ። የሚጠቅመው ስለ ሥራ ጉዳይ መጠየቅ ያለባቸውን ሁሉ ነው፤ የሚያፍር ሰው አይጠይቅማ!

«ሥራ የሌለው ጊዜ አለው፤ ያንብብ፣ ይማር፣ ራሱን ያሻሽል» ለሚሉንም አንድ ነገር እንንገራቸው። ከቪየና አቅራቢያ ማሪየንታል የምትባል የፋብሪካ መንደር ነበረች። በ1930 እ.ኤ.አ. አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተዘጋና መንደርተኛው በአንድ ጊዜ ሥራ አጥ ሆነ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች መንደሩን አጥንተው በ1933 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። ጊዜ የተረፈው ሰው የበለጠ ያነባል ብለን እንገምታለን አይደል? ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወጣው መጽሐፍ ግን አሽቆለቆለ። ወንዶቹ መንገድ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገየ፤ የሚቸኩሉበት ስለሌላቸው በየመሐሉ ይቆሙ ነበር። እኒያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ትናንት ማሽን ላይ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ከኛ መካከል በንባብ ማንም የማይደርስባት ልጅ ከተመረቀች ወዲህ አንድ ልብ ወለድ አልጨረሰችም። ስለ ማሪየንታል ስንነግራት «እኔን ብቻ መስሎኝ!» ብላ አለቀሰች።

ታዲያ ምን ይደረግ? አብዮት እንጥራ አላልንም። ያሰብነው ከአያቶቻችን የተገኘ ነገር ነው። ሰው ሲሞት እድር አለን፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ለቀስተኛው ብቻውን አይተውም። ሥራ ላጣ ሰው ግን እድር የለም። እኛ ስምንት ሆነን ጀምረናል፤ አምስት ተመራቂዎችና ሦስት የአምና ምሩቃን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እንገናኛለን። አንድ ደብተር አለ። ማን የት እንዳመለከተ፣ በስንት ቀን፣ ምን ፈተና እንደመጣ፣ መልስ መምጣት አለመምጣቱ ይጻፍበታል። ኮፒ ለማስነሣት የሚሄደው በተራ አንድ ሰው ነው፤ ማስታወቂያ የሚያሳድደውም እንዲሁ፣ ሌሎቹ ሌሊቱን ይተኙ። «ቦታው አለ፤ ለሻይ ብቻ ጣል አድርግ» የሚል ደላላ ስልክ ቁጥሩ በመጨረሻው ገጽ በቀይ ይሰፍራል። ሕጉንም እናነባለን። ከሦስቱ አንዷ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» እየተባለች ስድስት ወር ከሠራች በኋላ ተሰናብታለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ከመካከላችን ያወቀ አልነበረም። አራት ዓመት ስንማር የኖርን ሰዎች!

«ለአንድ ቦታ የምንሻማ ሰዎች እንዴት አብረን እንፈልጋለን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛንም አጣልቶናል። ሁለት ልጆች ለአንድ የማኅደር ክፍል ሥራ ተፈትነው አንደኛው ሲያልፍ ሌላኛው ሦስት ቅዳሜ ቀረ። በአራተኛው መጣ። ያለፈው ልጅም እስካሁን በደብተሩ ላይ ነው፤ የፈተናውን ጥያቄዎች በሙሉ እያስታወሰ ጽፎልናል። ሽሚያው እኛ ባንገናኝም አይቀርም። ስንገናኝ የሚቀረው ብቸኝነቱ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶችም የምንለምነው ትንሽ ነው፤ ስንት ሰው እንዳመለከተ በሰሌዳ ይለጠፍ፣ ያልተመረጠም አንድ መስመር መልእክት ይላክለት። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። የትምህርት ክፍሎቻችንም የአምና ምሩቃን የት እንደደረሱ ጠይቀው ይንገሩን፤ ደስ የሚል ባይሆንም ይንገሩን። የተማሪው ኅብረት ደግሞ ቀጣዩን የአዳራሽ ተናጋሪ ሲጋብዝ ለጥያቄ ግማሽ ሰዓት ይተውልን።

ሌላ ስምንት ሰው ከተገኘ ሁለተኛ ደብተር እንገዛለን። ለቃለ መጠይቅ የሚዋሰው ጥቁር ኮት ለጊዜው አንድ ብቻ ነው፤ ረጅም ልጅ ከሆናችሁ እጅጌው ያጥራል፤ እጃችሁን ከጠረጴዛው በታች አድርጉ።