መልሱ «ሲ» ነው

የጎረቤታችን ልጅ ነርስ ናት። ማለቴ፣ ልትሆን ነው። ማለቴ... እንጃ! አራት ዓመት ተምራ ተመርቃለች። ጋዋን ለብሳ የተነሳችው ፎቶግራፍ እናቷ ሳሎን ውስጥ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። ይሁንና የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ያለ ፈቃድ ደግሞ የሚቀጥራት የለም። ስለዚህ ፎቶው ግድግዳ ላይ፣ ልጅቷ ቤት ውስጥ ቀርተዋል።

ባለፈው ክረምት እናትየዋ አጥር ጋ ጠርተው አቆሙኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተምሩ አልነበር? እስቲ ይችን ልጅ ያስጠኑልኝ» አሉኝ። «ኧረ እኔ ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ያውም ግማሹ የአማርኛ። ሕክምና ላይ ያለኝ እውቀት መርፌ ሳይ ፊቴን ማዞር ብቻ ነው» ብላቸው «እሱም ያው ትምህርት ነው» ብለው ዘጉኝ። እናት ስትለምን እምቢ አይባልም።

ልጅቷ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ ወፍራም ፎቶ ኮፒ ይዛ መጣች። ከቴሌግራም ወርዶ ፎቶ ኮፒ ቤት የተባዛ የፈተና ጥያቄ ነው፤ መልሶቹ ከኋላ ናቸው። ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልሞክር አልኩና 50 ጥያቄ ቆጥሬ፣ የኋላውን ገጽ ሳልገልጥ ሠራሁ። ስለ ነርስነት የማውቀው ነገር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምንም ነው። ከ50 ስንት አገኘሁ? 31!

አትደነቁ። ሃያ ምናምን ዓመት ፈተና ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ ጥያቄ አውጪ የት ላይ እንደሚደክመው አውቃለሁ። ከአራቱ ምርጫዎች ረዥሙን ያዝ፤ አውጪው እውነተኛው መልስ ላይ ክርክር እንዳይነሳበት ብሎ ቅጥያ ሲቀጥልበት ይረዝማል። «ኦልዌይስ» ወይም «ኔቨር» ያለበትን ሰርዝ። ሁለት ምርጫዎች ተቃራኒ ከሆኑ መልሱ ከሁለቱ አንዱ ነው። «ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ?» ከተባለ «አሴስ» የሚል ቃል ያለበትን ፈልግ። ሁሉም ከጠፋህ «ሲ» በል። ሠላሳ አንዱን ያመጣሁት እንግዲህ በዚህ ነው። ልጅቷ ያንኑ 50 ጥያቄ ሠርታ 34 አገኘች። አራት ዓመት ሙሉ የተማረችው ትምህርት ከእኔ ድንቁርና በሦስት ጥያቄ በለጠ ማለት ነው።

«ይሄ እኮ የጎዳና ወረቀት ነው፤ እውነተኛው ፈተና እንዲህ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። እውነተኛው ባለሙያ አዘጋጅቶት፣ ሌላ ባለሙያ መርምሮት የሚወጣ ነውና ከዚህ እንደሚሻል አልጠራጠርም። ነገር ግን ተማሪ የሚያጠናው የፈተናውን መልክ አይቶ ነው። ፈተናው አራት ሳጥን ካለው ተማሪውም ጭንቅላቱን በአራት ሳጥን ይከፍለዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይህን ከትምህርት ሰዎቻችን ቀድሞ ተረድቶ እየቸረቸረው ነው።

ወደ ተሳሳተቻቸው 16 ጥያቄዎች ስንመጣ አንዷ እንቅልፍ ነሳችኝ። ጥያቄዋ «ከሚከተሉት ውስጥ የከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ምልክት ያልሆነው የቱ ነው?» ትላለች፤ በእንግሊዝኛ። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት ከእርግዝና ጋር የሚመጣውን የደም ግፊት ሕመም ነው። «ኖት» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት ፊደል ናት። ልጅቷ ዘለለቻትና ምልክት የሆነውን መረጠች። ዜሮ።

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ። አይቼዋለሁ እኮ ጋሼ!» አለችኝ ተናዳ። ለተግባር ልምምድ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድባ ሳለች ነው። ጠዋት ነው፤ የእርግዝና ክትትሉ ወረፋ አግዳሚውን ሞልቶ፣ የተረፈው ግድግዳ ተደግፏል። አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴት «ምች ሳይመታኝ አልቀረም። ራሴን ይወቅረኛል፣ ዓይኔን ጨለም ጨለም ይለኛል፣ እዚህ ጋ ደግሞ አንድ ነገር ይጫነኛል» ስትል ሰማቻት። እጇን ያሳረፈችው ከጎድን አጥንቷ ሥር ነው። ሴትዮዋ ለባለሙያ አልተናገረችም፤ ካርዷም ገና አልወጣም። ልጅቷ መለኪያውን አምጥታ እዚያው አግዳሚው ላይ ለካቻት። 170 በ110። ወረፋውን አስጥሳ፣ ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ማግኒዥየም ሰልፌት እዚያው ተጀመረላት፤ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከች። እናትም ልጅም ተርፈዋል።

ይህን ስትነግረኝ ገበያ ሄዳ ሽንኩርት እንደገዛች ሰው ነው የነገረችኝ። እኔ ነኝ ወንበሬን የሳብኩት። መድኃኒቱ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋት። ከልኩ ካለፈ ትንፋሽ እንደሚያቆም፣ ስለዚህ ዳግመኛ ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለመውረዱ መታየት እንዳለበት፣ ትንፋሽ ከከዳት ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት መሆኑን አንድ ባንድ አስረዳችኝ። «ጉልበቷም ይመታል» አለችና የእኔን ጉልበት በመዳፏ ጎን መታ ስታደርገው እግሬ ሳልፈቅድለት ብድግ አለ። «ይሄ ከጠፋ መድኃኒቱ አይሰጥም።» ለዚህች ልጅ ነው እንግዲህ «አልበቃሽም» የተባለችው። በየትኛው ጥያቄ? በ«ኖት»።

የቋንቋ ሰው ስለሆንኩ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አማርኛ ለሕመም ያለው ቃል ብዛቱ! ይወጋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይወቅረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይጫነኛል። አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም። ቁርጠት መጣ ሄደት ይላል፣ ውጋት እንደ ጩቤ ነው፣ ቁርጥማት አጥንት ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ደም እየተሰጠው ያለ በሽተኛ «ብርድ ብርድ አለኝ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ» ካለ፣ አስታማሚው ብርድ ልብስ ለመደረብ ይሯሯጣል። ነርሷ ግን መጀመሪያ ደሙን ማቆም አለባት፤ ሰውነቱ የተሰጠውን ደም አልቀበልም እያለ ሊሆን ይችላልና። «ጨለም ጨለም ይለኛል»ን ሰምቶ የደም ግፊት መለኪያ ማንሳት ማለት ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው መተርጎም ነው፤ ያውም ሰዓት እየቆጠረ። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማልኛ ተናጋሪውም የየራሱ ጨለም ጨለም አለው። እንግሊዝኛው ይቅር እያልኩ አይደለም። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱን በቅጡ ያላነበበች ነርስ ሰው ትገድላለች። ነገር ግን በሽተኛው ካለው ቃል ወደ መጽሐፉ ቃል የምታሻግረዋን ችሎታ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ በምን ዓይኑ ያያታል?

«አንተስ ማን ነህና?» ካላችሁኝ ንስሐዬን ልናገር። ክፍሌ ውስጥ 40 ተማሪ ሳለ ድርሰት አስጽፍ ነበር። 90 ሲሆኑ፣ ኋላም 120 ሲሆኑ እኔም ወደ ምርጫ ጥያቄ ገባሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ «የሰብለ ወንጌል አባት ማን ናቸው?» ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። «ፊታውራሪ መሸሻ» የሚለውን ያከበበ አንድ ነጥብ። መጽሐፉን አንዲት ገጽ ሳይገልጥ ከ30 26 ያመጣ ተማሪ ነበረኝ። ራሱ ነው የነገረኝ፤ ከተመረቀ በኋላ፣ እየሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሥነ ጽሑፍ ስለሆነ ማንም አልሞተም።

ፈተናው ይቅር የሚል ጽሑፍ ጠብቆ እዚህ የደረሰ ካለ ይቀየመኝ። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎችን ፈትኖ ፈቃድ መስጠቱ ትክክል ነው። ኮሌጅ ከዳቦ ቤት በላይ፣ ከቡቲክ ጎን ሲከፈት በዓይናችን አይተናል። አንድ አልጋ ዙሪያ ሠላሳ ተማሪ ተኮልኩሎ፣ ከኋላ የቆሙት የፊተኞቹን ጀርባ ብቻ አይተው ተመርቀዋል። እናቴን በማያውቅ እጅ እንዲወጉብኝ አልፈልግም። ወንፊት ያስፈልጋል። የምጨቃጨቀው ወንፊቱ እንክርዳዱን አሳልፎ ስንዴውን እያስቀረ እንዳይሆን ነው።

ጤና ቢሮ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ግን ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «የተግባር ፈተና አምጣ ትላለህ አይደል? ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ማታ ስልክ ይደወላል። የእገሌ እህት ናት፣ የአገርህ ልጅ ናት፣ ችግረኛ ናት። ማሽኑ ግን አጎት የለውም።» እውነቱን ለመናገር ከሰማሁት ክርክር ሁሉ ይሄ ነው የከበደኝ። አገሩን አውቀዋለሁና። ግን ደግሞ ልብ በሉ፦ ይህ ክርክር የሚለው ምንድን ነው? ፈታኞቻችን ስለማይታመኑ በሽተኛው ዕዳውን ይክፈል ነው የሚለው።

ለአጎት መድኃኒቱ ደግሞ ከተገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ፣ ደንዲ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮናልድ ሃርደን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ኦስኪ የሚባለውን አፈታተን አስተዋወቁ። የእነሱም ችግር ተመሳሳይ ነበር፤ የተማሪው ዕጣ በአንድ ፈታኝ ፊትና በደረሰው በሽተኛ ዕድል ላይ መንጠልጠሉ። መላው ቀላል ነው። ተፈታኟ በየጣቢያው ትዞራለች፤ እያንዳንዱ ጣቢያ የተወሰነ ደቂቃ፣ የራሱ ፈታኝና አስቀድሞ የተጻፈ የማመሳከሪያ ዝርዝር አለው። አንዱ ጋ ሕመምተኛ ሆኖ የሚተውን ሰው ታናግራለች፤ አንዱ ጋ ግሉኮስ ትሰቅላለች። አንድ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ፣ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚጥል ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ስሌቱንማ ወረቀትም ይጠይቃል። የእጅ ሰዓት እያዩ፣ ጠብታ እየቆጠሩ፣ መዝጊያውን በአውራ ጣት ማስተካከል ግን ሌላ ነገር ነው። አሥር ጣቢያ ላይ አሥር ፈታኝ ካለ፣ አጎትየው አሥር ስልክ ሊደውል ነው። ከሌላ ከተማ የመጡ ከሆኑ ደግሞ ቁጥራቸውንም አያገኝም። እንግሊዞች ከውጭ አገር የሚመጣን ነርስ ዛሬም በኮምፒዩተር ፈትነው አይለቁትም፤ አሥር ጣቢያ ያዞሩታል።

ማሽን ይሁን ካልንም ማሽን ብልህ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ያለች የቀድሞ ተማሪዬ፣ ሥነ ጽሑፍ ዳቦ እንደማያበላ ከእኔ ቀድማ የገባት፣ ነርስ ሆናለች። እዚያ «ኤንክሌክስ» የሚሉት ፈተና ስትመልስለት እያከበደ፣ ስትሳሳት እያቀለለ ይሄዳል። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ባለው ውስጥ ስለ ተፈታኙ በቂ ባወቀ ጊዜ ይዘጋል። እሷን 85ኛው ላይ ዘጋባትና ማለፏን ሳታውቅ እስከ ቤቷ ስታለቅስ ሄደች። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ደግሞ የአንድ በሽተኛ መዝገብ ሰጥቶ ከዚህ ውስጥ የሚያሳስብሽ የቱ ነው፣ ምን ጠረጠርሽ፣ የቱን ታስቀድሚያለሽ፣ ምን ታደርጊያለሽ፣ ያደረግሽው ሠርቷል ወይ እያለ ደረጃ በደረጃ ይጠይቃል። በከፊል ላወቀም በከፊል ነጥብ ይሰጣል። ይኸውላችሁ፣ እሱም ማሽን ነው። አጎትም የለውም።

ሩቅ አገር ምን አስኬደኝ? በቴክኒክና ሙያ በኩል ያለው፣ ሰዉ «ሲኦሲ» የሚለው የብቃት ምዘና የተግባር ክፍል አለው። ቧንቧ የሚገጥመው ልጅ ቧንቧ ገጥሞ ያሳያል። በዲግሪ የተመረቀችው፣ ደም ሥር የምትፈልገው ልጅ «ሲ»ን ትመርጣለች።

ውድ ነው ይባላል። ነው፤ ፈታኝ መጓጓዝ፣ መመገብ፣ ማደር አለበት። ግን ስለ ወጪ የምንነጋገር ከሆነ ሌላም ጥያቄ አለኝ። አንድ ኮሌጅ ካስመረቃቸው አብዛኞቹ ሲወድቁ፣ ልጆቹ ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ እናቶቻቸው አጥር ላይ ሰው ያስቆማሉ። ኮሌጁስ ምን ሆነ? ክፍያውን መለሰ? በሚቀጥለው መስከረም አዲስ ተማሪ መመዝገቡን ተወ? ሁለት ጊዜ ወደቀች የምንላት ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ውጤቷን እያየ «አልፈሻል» ሲላት የነበረ ተቋም አላት። እሱን ማን ፈተነው?

ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ተመዝግባለች። ማታ ማታ እየመጣች «ኖት» እና «ኤክሰፕት» የሚሉት ቃላት ሥር በቀይ እስክሪብቶ እናሰምራለን። ያስተማርኳት ነርስነት ይኸው ነው። ባለፈው ማክሰኞ መለኪያዋን ይዛ መጥታ የእኔንም ግፊት ለካችው። 150 በ95 አለችኝ። ጨው እንድቀንስ አዘዘችኝና በሳምንቱ ልትደግምልኝ ቀጠረችኝ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለስን። 37ኛው ጥያቄ ላይ ደርሰን ተያየን፤ እሷም እኔም አልገባንም። «ሲ» አልን።