ግራፊክስ ካርዱ ይቆይ

ጌም የሚጫወትበትን ኮምፒውተር ራሱ ሊገጣጥም የተነሳ ወጣት መጀመሪያ የሚሰማው ምክር፣ ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ ለግራፊክስ ካርዱ ሰጥቶ በተረፈው ሌላውን እንዲያሟላ ነው። ምክሩ ስሕተት አይደለም። ጌሙ ሳይንቀረፈፍ መሄድ አለመሄዱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ዳሩ ግን ምክሩን በዩቲዩብ የሚያስተላልፉት ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት መብራት እምብዛም በማይጠፋበት፣ ያልሠራ ዕቃ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ገንዘቡ በሚገኝበት አገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለቱም መተማመን አይቻልም። ስለዚህ እዚህ የሚገጣጠም የመጀመሪያ ኮምፒውተር ሒሳቡ ከሌላኛው ጫፍ መጀመር አለበት እላለሁ፤ በቅድሚያ ደህና ፓወር ሰፕላይ፣ ቀጥሎ ብዙ ዓመት የሚያሠራ ማዘርቦርድ፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ገንዘቡ የፈቀደውን ያህል።

ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዲሲ ይቀይራል። የዛሬ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ የሚሠሩት ከሞላ ጎደል በ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ለዩኤስቢና ለኤስኤስዲ ለመሳሰለው ቀላል ሥራ ናቸው። ርካሽ ኬዝ ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ላዩ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ሊል ይችላል። ጎኑ ላይ ያለው ሠንጠረዥ በ12 ቮልት ትይዩ 18 አምፔር ብሎ ከጻፈ ግን 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው፤ ለጌም የሚጠቅመው እሱ ብቻ ነው። አሁን ይህን ከዕቃዎቹ ፍላጎት ጋር ማስተያየት ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2023 በ299 ዶላር ለገበያ ያቀረበው አርቲኤክስ 4060 እስከ 115 ዋት ይወስዳል። የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 በ65 ዋት ደረጃ የተመደበ ፕሮሰሰር ነው። ማዘርቦርዱ፣ ራሙና ማራገቢያዎቹ ሲጨመሩ ጠቅላላው ጌም ላይ እያለ ከ250 ዋት ብዙም አይርቅም። ካርዱ ደግሞ ለቅጽበት ከአማካዩ በላይ ስቦ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 550 ዋት ነው። ስለዚህ ክርክሬ ትልቅ ዋት ይገዛ የሚል አይደለም። እውነተኛ 550 ዋት፣ ስም ብቻ ከሆነ 850 ዋት ይበልጣል።

እውነተኛውን ከስሙ የሚለየው ምንድን ነው? ብዙ ገዢ የሚመለከተው «80 ፕላስ» የሚለውን ነሐስ ወይም ወርቅ ተለጣፊ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ መለኪያ የሚናገረው ከሶኬት ከተወሰደው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ ለሥራ እንደዋለና ምን ያህሉ በሙቀት እንደባከነ ነው። ቮልቱ በድንገት ሲያሻቅብ ዕቃው ራሱን አጥፍቶ ሌላውን ያድን እንደሆነ ግን አይናገርም። የሚሻሉት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። አንደኛው ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የሚቀበለው የቮልት መጠን ነው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ፓወር ሰፕላይ፣ ሰፈሩ ውስጥ መብራቱ ሲደክም ያለ ማንም እርዳታ ሥራውን ይቀጥላል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ መሳይ ነገር ካለው ግን የቆየ አሠራር ነው፤ በስሕተት 115 ላይ ሆኖ ቤታችን ሶኬት ላይ ቢሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ሌላው የአምራቹ ዋስትና ዘመን ነው። እዚህ ሆኖ ዋስትናውን ማስፈጸም ይቸግር ይሆናል፤ ነገር ግን ሰባት ወይም ዐሥር ዓመት ዋስትና የሚሰጥ አምራች በዕቃው ላይ ያለውን እምነት በገንዘቡ እየተወራረደበት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ይታወቃል፤ ዩፒኤስ ወይም ስታቢላይዘር ከተገዛ ፓወር ሰፕላዩ ምንም ቢሆን ምን ችግር አለው? ችግሩ ያለው በሚሊሰከንድ ሒሳብ ውስጥ ነው። ተራው ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪው ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። በዚያች ክፍተት ኮምፒውተሩን ይዞ የሚቆየው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ ነው። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የኤቲኤክስ ደንብ በሙሉ ጭነት ቢያንስ 16 ሚሊሰከንድ እንዲይዝ ይጠይቃል። ወጪ ለመቀነስ ካፓሲተሩ ያነሰበት ዕቃ እዚያ ላይደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዩፒኤሱ ተገዝቶም ኮምፒውተሩ ጌሙ መሃል ይጠፋል፣ ገዢውም ጥፋቱን በዩፒኤሱ ላይ ያላክካል። ስታቢላይዘሩም ቢሆን ቮልቱ ቀስ ብሎ ሲወርድ ወይም ሲወጣ እንጂ በቅጽበት ለሚመጣው አይደርስም። እርግጥ ነው፣ ነገሩ በሌላ በኩልም ያወሳስባል። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ባትሪ ላይ ሲሆን የተቆራረጠ ሞገድ ከሚሰጥ ርካሽ ዩፒኤስ ጋር አንዳንድ ጊዜ አይስማሙም። አቅም ካለ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚለውን መምረጥ ነው። አቅም ከሌለ ግን ከሁለቱ መጀመሪያ የሚገዛው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ዩፒኤሱ በኋላ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያው መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን ነቅሎ፣ ሲመለስ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ምንም አያስከፍልም።

የምንዛሬውም ነገር ወደዚሁ ይገፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ዋጋው በዶላር ነው። ስለዚህ የተቃጠለ ማዘርቦርድ የሚተካው በተገዛበት ዋጋ አይደለም፤ የሚተካውም ሰው ሲገኝ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ ሲመጣ ነው። ሙሉ ዋጋው እንደገና ከኪስ የሚወጣበት አገር ውስጥ ሌሎቹን ዕቃዎች ሁሉ ይዞ ሊሄድ በሚችለው ዕቃ ላይ መቆጠብ ቁጠባ አይባልም።

«ታዲያ ጌሙ የሚጠይቀው ካርድ በምን ይገዛ?» ለሚለው፣ ያገለገለ መግዛት አንዱ መንገድ ነው። እዚህ ላይ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል ልዩነት አለ። ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሱቁ ውስጥ ሊፈተን ይችላል፤ ከበድ ያለ ጌም ከፍቶ ሃያ ደቂቃ ማሠራት፣ ሙቀቱን ማየት፣ ማራገቢያው ሲንኳኳ መስማት ብዙውን ጉድ ያወጣል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ ካቆመ ወዲህ ለዚያ ሥራ ሲነዱ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ማራገቢያና ፔስት ተቀይሮላቸው ደህና የሚያገለግሉ አሉ። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይን ግን እንዲህ መፈተን አይቻልም። ካፓሲተሮቹ በሙቀት ያረጃሉ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ያሰላሉ። ሱቅ ውስጥ እንከን የለሽ መስሎ፣ ጉድለቱ የሚታየው መብራት ሄዶ በመጣበት ክፉ ቀን ነው። አሮጌ ካርድ በአዲስ ፓወር ሰፕላይ ላይ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ኬዙ ሲነካ «ነዘረኝ» ብሎ ፓወር ሰፕላዩን የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። በደህናው ፓወር ሰፕላይ ውስጥም ያለው ማጣሪያ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ይለቃል፤ የቤቱ ሶኬት ኧርዝ ከሌለው መሄጃ ያጣና ሰውን ይነዝራል። መፍትሔው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ኧርዝ ማስገባት ነው። የከተማዋ ከፍታም ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዳማው አየራችን ከፊሉን ያካክሰዋል፤ ቢሆንም ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ከመግዛት ወንፊት ያለው ይሻላል።

ስለ ማዘርቦርዱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኤኤምዲ ኤኤም4 መሰኪያ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተገዛ ቦርድ ባዮሱን አድሶ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ሊቀበል ችሏል። የኢንቴል ኤልጂኤ 1200 ግን በ2020 ወጥቶ ለሁለት ትውልድ ብቻ አገልግሎ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ተተካ። ቦርድ መቀየር ኮምፒውተሩን እንደገና የመገጣጠም ያህል ስለሆነ፣ ዕድሜ ያለውን መሰኪያ መምረጥ ከፓወር ሰፕላዩ ምርጫ ጋር አንድ ዓይነት ስሌት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ትንሽ ካርድ መሰካት ከዚህ ሁሉ ይረክሳል የሚለው ነው። እውነትም ይረክሳል። እነዚያ ኮምፒውተሮች ለዓመታት ቢሮ አገልግለው አሁንም የሚሠሩት አንድም ፓወር ሰፕላያቸው ዋቱ ቢያንስም የማይዋሽ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የላቸውም፤ የሚቀበሉት ከቦርዱ መሰኪያ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው፣ ለምሳሌ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ። የፓወር ሰፕላያቸው ቅርጽና መሰኪያም አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ የግሉ ስለሆነ በሌላ አይተካም። በዚያ ልኬት ረክቶ ለሚኖር ሰው ከቢሮ ዴስክቶፑ የተሻለ ግዢ የለም፤ ማደግ ለሚፈልግ ግን በሩ ተዘግቷል።

ማደግ የሚፈልገው ደግሞ ገንዘቡ አሁን ባይሞላ፣ ግራፊክስ በውስጡ ካለው እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ካለ ፕሮሰሰር ጋር ደህናውን ፓወር ሰፕላይና ቦርድ ገዝቶ መጀመር ይችላል። ዶታ 2 እና ቫሎራንትን የመሳሰሉ ቀለል ያሉ ጌሞች ጥራታቸውን ቀንሶ ያጫውታል፤ ካርዱ ከወራት በኋላ ሲገኝ ይሰካል። ይህ ፕሮሰሰር የካሽ ሜሞሪው መጠን ከ5600 በግማሽ ስለሚያንስ ካርድ ሲጨመርለት ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የመቆየቱ ዋጋ ያ ነው። ራሙን ግን አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አድርጎ መግዛት ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ስለሆነ በአንድ መስመር ብቻ ሲሆን በግልጽ ይደክማል።