ፓምፑ ይቀየር ወይስ ይቅር?

በመኪና ገበያችን ዋጋ ለመጨመሪያ ብቻ የሚነገሩ ቃላት አሉ። «ኦሪጅናል ቀለም»፣ «ሞተሩ ያልተነካ»፣ «የአንድ ሰው መኪና» የሚሉት ለሁሉም የታወቁ ናቸው። ተርቦ ኖሯቸው ጉልበት በተጨመረላቸው የቤንዚን መኪኖች ላይ ደግሞ «ፓምፑ የተቀየረ» የሚል ይጨመራል። ሻጩ ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ገዥው ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደላላው በመሐል ኮሚሽኑን ያሰላል። የትኛው ፓምፕ፣ ለምን፣ በማን እጅ ተቀየረ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

የዛሬው ጉዳያችን ከገዥው በፊት ባለቤቱን ይመለከታል። ተርቦው ከፋብሪካው ልክ በላይ እንዲነፋ የተደረገለት መኪና ያለው ሰው የቤንዚን ፓምፑን በትልቅ ይቀይር ወይስ በነበረው ይቀጥል? ነገሩ የመካኒክ ወሬ ቢመስልም ትልቁ ሒሳብ የኪስ ነው። እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እንግዲህ ዛሬ የአንድ ባለ ተርቦ መኪና ሞተር ቢቀልጥ «ሌላ አስመጣለሁ» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። በደጃፋችሁ የቆመው ንብረት ምትክ የሌለው ንብረት ሆኗል።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ እምነት ይነሣ። ፓምፕ ጉልበት አይጨምርም። ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቤንዚን መጠን የሚወስኑት ኢንጀክተሮቹና የሚያዛቸው ኮምፒዩተር ናቸው። የፓምፑ ሥራ ከታንኩ ስቦ በመስመሩ ላይ የሚፈለገውን ግፊት ጠብቆ ማቆየት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ግፊት 3 ባር አካባቢ ነው። ተርቦው 1 ባር ሲነፋ የመስመሩም ግፊት በዚያው ልክ ወደ 4 ባር መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ተርቦው ከወዲያ እየገፋ ኢንጀክተሩ የሚረጨውን ያሳንስበታል። ፓምፑ አቅም አንሶት በኢንጀክተሩ ሁለት ጫፍ መካከል የሚኖረው ልዩነት ከ3 ወደ 2 ባር ቢወርድ የሚረጨው ቤንዚን በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ኮምፒዩተሩ ሙሉውን የላከ ይመስለዋል። ሞተሩ ግን በብዙ አየርና በጥቂት ቤንዚን ይነድዳል፤ ሙቀቱ ይንራል፤ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ፒስተን የሚበሳው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው በዝግታ ስትነዱ አይደለም። ሙሉ ነዳጅ ረግጣችሁ ከባድ መኪና ለመቅደም ስትወጡ፣ ያውም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ታዲያ ስንት ሊትር ይበቃል? ባለ ተርቦ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 270 ግራም ቤንዚን ይፈልጋል ብለን እናስላ። ለ300 የፈረስ ጉልበት 81 ኪሎ ይመጣል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት ከ740 ግራም ብዙም ስለማይርቅ በሰዓት ወደ 110 ሊትር ማለት ነው። ለመጠባበቂያ 30 በመቶ ብንጨምርበት 143 ሊትር ነው። በዓለም ገበያ ስሙ እጅግ የገነነው የዋልብሮ ፓምፕ በሰዓት 255 ሊትር ይገፋል ተብሎ ይሸጣል። ይህ ቁጥር ግፊቱ ሲጨምርና ቮልቱ ሲያንስ የሚወርድ ቢሆንም፣ 300 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና ገና ብዙ ትርፍ እንዳለው ግልጽ ነው። ከፋብሪካ 220 ይዞ ወጥቶ 250 የደረሰ መኪና ባለቤት «ትልቁን አስገባልኝ» ሲል የማይጠቀምበትን ዕቃ በዶላር እየገዛ ነው።

ያውም ትርፉ ሁልጊዜ ባዶ ትርፍ አይደለም። ከመጠን ያለፈ ፓምፕ የሚገፋውን ቤንዚን የፋብሪካው ግፊት መቆጣጠሪያ መልሶ ወደ ታንክ ማሳለፍ ሊያቅተው ይችላል። በዚያን ጊዜ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ግፊቱ ከልኩ በላይ ይሆናል፤ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ባለቤቱም «ፓምፕ ካስቀየርኩ ወዲህ ቤንዚን በላብኝ» ብሎ መካኒኩን ይወቅሳል። በዛሬው የቤንዚን ዋጋና ሰልፍ ይህ ቀላል ቅሬታ አይደለም።

እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጣ ምክር የማያውቀው የእኛ አገር ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ያገለገሉ መኪኖቻችን ብዙዎቹ በዱባይ በኩል የመጡ ናቸው። ዱባይ ባሕር ዳር ናት፤ ማደያዋም 98 ኦክቴን ቤንዚን ይሸጣል። እዚያ የተስተካከለ ተርቦ እዚህ ሲመጣ ሁለት ነገር ይገጥመዋል፤ አየሩ ይሳሳል፣ ማደያውም «ቤንዚን» ከማለት በቀር የሚያስመርጠው ደረጃ የለውም። በሁለተኛው ምክንያት የሚያንኳኳ ሞተር ስንት ፓምፕ ቢቀየርለት አይድንም። መድኃኒቱ የተርቦውን ግፊት መቀነስና ኮምፒዩተሩን ማስተካከል ነው።

የአየሩ ነገር ግን ፓምፑን በቀጥታ ይነካል። የተርቦው ግፊት በስፕሪንግ ወይም በእጅ በሚስተካከል መቆጣጠሪያ 1 ባር ላይ የተያዘ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ የሚውጠው ጠቅላላ ግፊት 1.76 ባር ነው። አዳማ ሲደርስ 1.83፣ አዋሽ ሲወርድ 1.9 ይሆናል። ጅቡቲ ቢደርስ ሁለት ባር ይሞላል። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ተለክቶ «ልክክ አለ» የተባለ ፓምፕ አዋሽ ላይ 8 በመቶ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 14 በመቶ ያህል ተጨማሪ ይጠየቃል ማለት ነው። የቆላው ሙቀት አየሩን አሳስቶ ጥቂቱን ይመልስ ይሆናል፤ ያንኑ የሚመልሰውን ግን ሞተሩ በማንኳኳት ያስከፍላል። መኪናውን ቦሌና ሳር ቤት መካከል ብቻ የሚነዳ ሰው ይህ ላያሳስበው ይችላል። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ወርዶ በድሬዳዋ መስመር ለመብረር የሚያስብ ግን አዲስ አበባ ላይ ያየውን ጤንነት አምኖ መውረዱ ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ነው።

ኮምፒዩተሩ የተርቦውን ግፊት በጠቅላላ መጠን የሚይዝ መኪና ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያ መኪና ያጣውን አየር ለመተካት አዲስ አበባ ላይ ተርቦውን አብልጦ ያስነፋል፤ ፓምፑም እዚሁ ደጋ ላይ ከሁሉ የበለጠ ግፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ «የመኪናዬ ተርቦ በምን ይታዘዛል?» የሚለው ጥያቄ ከፓምፕ ግዥ በፊት መልስ ያስፈልገዋል። ይህን መመለስ የማይችል ጋራዥ ፓምፕ ሊሸጥላችሁ አይገባም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ውሳኔው ከአንድ መለኪያ በፊት መወሰድ የለበትም። በቤንዚን መስመሩ ላይ የግፊት መለኪያ ይታሰር፤ ሹፌሩ እየነዳ ሌላ ሰው ያንብብ። የተርቦው ግፊት አንድ በጨመረ ቁጥር የቤንዚኑም አንድ ከጨመረ ፓምፑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ገንዘባችሁን ያዙ። ተርቦው 1 ባር ደርሶ ቤንዚኑ 3.5 ላይ ከቆመ መኪናው በዚያው ሰዓት ወደ ጋራዥ መመለስ አለበት። ያኔም ቢሆን ጥፋተኛው ፓምፑ ነው ብሎ መፍረድ ችኩልነት ነው። ፊልትሮው መቼ ተቀየረ? በሰልፍ ምክንያት በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን የጠጣ መኪና ከሆነ በታንኩ ውስጥ ያለው ማጥሪያ በቆሻሻ መታፈኑ የሚያስገርም አይደለም። ታንኩ ሊያልቅ እየተቃረበ መንዳትም ፓምፑን ይጎዳዋል፤ የሚቀዘቅዘው ራሱ በሚነከርበት ቤንዚን ነውና።

ከዚያ የኤሌክትሪኩ ነገር አለ፤ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የተረሳው እርሱ ነው። ዲናሞው 13.5 ቮልት እያመረተ ፓምፑ ዘንድ 11.5 ብቻ ከደረሰ ያረጀው ሽቦ ልዩነቱን በልቶታል። ፓምፕ ደግሞ ቮልት ሲያንሰው ከሚገመተው በላይ ይሰንፋል። ወፈር ያለ ሽቦና አንድ ሪሌይ ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝ ተጠብቆ ቢዘረጋለት «ሞተ» የተባለው ፓምፕ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ለሽቦው የሚወጣው ገንዘብ ከፓምፑ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ጋራዦቻችን ይህን የማያቀርቡት ሽቦ መዘርጋት ዕቃ እንደ መሸጥ ስለማያተርፍ ይሆን?

መቀየሩ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በዚያን ጊዜም ማቅማማት ጎጂ ነው። ተርቦው በትልቅ ከተተካ፣ ኢንጀክተሮቹ ከተለወጡ፣ ወይም ጉልበቱ ከፋብሪካው በሲሶ ከጨመረ ፓምፑ ቀድሞ መግባት አለበት። ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል። የሚታየውንና የሚጮኸውን፣ ማለትም ማርሚታውንና ተርቦውን ያስቀድማሉ፤ ታንክ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን «ገንዘብ ሲገኝ» ይሉታል። በተበደረው ገንዘብ ሱቁን አስፍቶ መጋዘኑን ባዶ እንደተወ ነጋዴ ነው። መጋዘን እስኪሞላ ደንበኛ ቢታገሥ እንኳ ፒስተን አይታገሥም።

ግዥውን በተመለከተ፣ ያ 255 የሚባለው ፓምፕ በአሜሪካ 100 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ ዕቃ ነው። በዛሬው ምንዛሪ ብቻ ከ10,000 ብር በላይ ይመጣል፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ገና ነው። እንግዲህ ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ ቦታ በዚያ ሲሶ ዋጋ «ያው ነው» ተብሎ ቢቀርብላችሁ ያው አይደለም። ይህ ፓምፕ በዓለም ላይ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው የመኪና ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ጽሑፉም ማሸጊያውም ተቀድቷል። የሐሰተኛው ክፋት ቆሞ ሲሞከር እንደ እውነተኛው መጮኹና ግፊት ሲበዛበት መስነፉ ነው። ጥሩ የፋብሪካ ፓምፕ አውጥቶ ሐሰተኛ «ትልቅ» የሚያስገባ ሰው ገንዘብ ከፍሎ አቅሙን ቀነሰ ማለት ነው።

ለናፍጣ መኪና ባለቤቶች አንድ ቃል ብቻ። የአይሱዙና የላንድክሩዘር ባለቤቶች «ፓምፑን ክፈትልኝ» ሲሉ ይሰማሉ። ያ ሌላ ፓምፕ፣ ሌላም ጉዳይ ነው። ቤንዚን ሞተርን በተርቦ ግፊት ሥር የሚያቃጥለው የነዳጅ ማነስ ሲሆን፣ ናፍጣን የሚያቃጥለው ከአየሩ በላይ የሆነ የነዳጅ ብዛት ነው። ጥቁር ጭስ እየተፋ ዳገት የሚወጣ መኪና ጉልበት አገኘ ተብሎ አይጨበጨብለትም። የዚህ ጽሑፍ ሒሳብ እዚያ አይሠራም።

ወደ ገበያው እንመለስ። ለመሸጥ ብላችሁ የያዛችሁት መኪና ከሆነ ፓምፕ ለማስቀየር አትቸኩሉ። ዛሬ ገንዘብ ያለው ገዥ የሚፈልገው ለዓመታት የሚነዳውን መኪና ነው፤ የተርቦውን ግፊት ወደ ፋብሪካው ልክ መልሶ ማቅረብ ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ የተሻለ ዋጋ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ገዥ ከሆናችሁ ደግሞ «ፓምፑ የተቀየረ» የሚለውን ቃል እንደ ማስጠንቀቂያ ስሙት። የተቀየረበት ምክንያት ይኖራል፤ ምክንያቱም የተርቦው ግፊት ነው። የግፊቱ መለኪያ በፊታችሁ ይታሰር፤ ሽቦው ይታይ፤ የፓምፑ ስምና የተገዛበት ደረሰኝ ይቅረብ፤ ሻጩ ያለው ሁሉ በውሉ ላይ ይጻፍ። ደላሎችም ቢሆኑ ይህን ቢለምዱ ከጭቅጭቅና ከሽማግሌ ይድናሉ። የወጣው የፋብሪካ ፓምፕ የት እንዳለም ይጠየቅ፤ ካለ ከመኪናው ጋር ይረከብ፤ አዲሱ መንገድ ላይ ቢከዳ ወደ ቤት የሚመልሳችሁ እርሱ ሊሆን ይችላልና።