ያልተከፈለ ልብ

በአዲስ አበባ ከመስቀል አደባባይ በስተ ምሥራቅ፣ በካዛንቺስና በቦሌ መካከል ዑራኤል የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚገኘው ከቅዱስ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ምእመናንም በዚሁ ሰፈር የጸሎት ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዚያ የጸሎት ቤት የእግዚአብሔርን ቃል አስተምረው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋራ ሲወጡ የመንግሥት ሰዎች ይዘው ወሰዷቸው። ወይዘሮ ፀሐይ በዚያው ሌሊት ተለቀቁ፤ ቄስ ጉዲናን ግን ከዚያ በኋላ ዘመድም ወዳጅም በሕይወት አላያቸውም።

ይህን ታሪክ የሚናገሩ ብዙ ሰዎች ከዚህ ሌሊት ይጀምራሉ፤ በዚህም ሌሊት ይጨርሳሉ። የሚሰማ ልጅም እግዚአብሔርን በሙሉ ልብ መከተል ማለት በወታደር እጅ መሞት ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ታሪኩን ያደንቃል፤ ነገር ግን ለእርሱ እንዳልተነገረ አድርጎ ይተወዋል። ዛሬ በቦሌ ወይም በገርጂ ወይም በኮተቤ የሚኖር ተማሪ ማለዳ ተነሥቶ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ነፍሱን የሚጠይቀው ማንም የለም። ስለዚህ «ይህ ለታላላቅ ሰዎች ነው» ብሎ ልቡን ግማሹን ለእግዚአብሔር፣ ግማሹንም ለራሱ አድርጎ ይቀመጣል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የቄስ ጉዲና ልብ ሙሉ የሆነው በዚያች ሌሊት አይደለምና። በዚያች ሌሊት የታየው ፍሬው ነው፤ ሥሩ ግን ብዙ ዘመን በመሬት ውስጥ ሲሄድ ኖሯል።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. ገደማ በወለጋ በቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ነቀምት ሄደው በዚያ በነበረው ሆስፒታል ያገለግሉ ነበር። የጀመሩትም በትልቅ ሥራ አይደለም፤ በአትክልት ሥራና ይህን በመሰለ ዝቅተኛ አገልግሎት ነበር። ኋላም የሐኪሙንና የሕመምተኛውን ቃል እያስተረጐሙ፣ ቍስል እያጠቡ ሠሩ። እንደዚህ ባለው ሥራ ሰውን የሚያመሰግን ጋዜጣ የለም። የሕመምተኛን ቍስል በጥንቃቄ ያጠበና በችኮላ ያጠበ ልዩነታቸውን የሚያውቁት ሕመምተኛው ራሱና እግዚአብሔር ናቸው።

በቦሌ መንገድ ዳር ሊስትሮ የሚሠራ ልጅም እንዲሁ ነው። ጫማውን የሚያስጠርገው ሰው ቆሞ የሚያየው የጫማውን አፍንጫ ነው፤ ተረከዙን አያይም። ልጁ አፍንጫውን አብርቶ ተረከዙን ቢተወው ሳንቲሙ አይቀርበትም። ነገር ግን ተረከዙንም እንደ አፍንጫው አድርጎ ቢያበራ፣ ያ ልጅ በሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ሙሉ ልብን ይማራል። ይህን የመሰለ ትምህርት ከታላቅ ስብከት እንደሚያንስ አድርገው የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ አያንስም። እንዲያውም በጉባኤ ቀን ሲዘመርና ሲለቀስ እጁን አንሥቶ «ጌታ ሆይ ሁሉን እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሰኞ ማለዳ ግን ከጎረቤቱ ደብተር ቀድቶ ለመምህሩ የሚያስረክብ፣ በቤት የምትሠራውንም ልጅ እንደ ዕቃ የሚያዝዝ ከእነዚሁ መካከል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው እጁን ሲያነሣ ዋሸ ማለት አይደለም። ሁሉን እሰጣለሁ ሲል ሰኞን አልቈጠረም።

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። ደግሞም «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ይህን ሁለተኛውን ተረት ሰነፎች ይወዱታል፤ ስንፍናቸውን የሚያጸድቅላቸው ይመስላቸዋልና። ነገር ግን እንቍላል በእግሩ የሚሄደው ዝም ብሎ ስለ ቈየ አይደለም፤ ዶሮይቱ ሳትሰለች ስለ ታቀፈችው ነው። ሁለት ቀን ታቅፋ ሦስት ቀን ብትተወው እንቍላሉ ይበላሻል እንጂ ጫጩት አይሆንም። የመንፈስ ዕድገትም እንዲሁ ነው። ቀስ ይላል፤ ግን አያቋርጥም። በየማለዳው ጥቂት መጸለይ፣ በየቀኑ ከመጽሐፍ ጥቂት ማንበብ፣ የበደሉትን ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቅርታ መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። የሚያድገው ግን በዚህ ነው።

ከየካ ተራራና ከእንጦጦ ላይ የሚታየው ብዙው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራልያ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን በጥቂት ዓመት አድጎ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይደርሳል። ባሕር ዛፍን መንቀፍ አይገባም፤ የአዲስ አበባን እናቶች ምጣድ ስንት ዘመን ያሞቀ እርሱ ነው። ነገር ግን የአገሩ ጥድ በዚያ ፍጥነት አያድግም። ጥድን የሚተክል ሰው ለልጅ ልጁ ይተክላል። ሰው መንፈሱን እንደ ባሕር ዛፍ ሊያሳድግ ሲፈልግ፣ በአንድ ዓመት ታላቅ ልሁን ሲል፣ ቅር ይለውና ይተወዋል።

ቄስ ጉዲና በ1950 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ሆና ተመሠረተች። እርሳቸውም በአሜሪካ በሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተምረው ከተመለሱ በኋላ ዋና ጸሐፊዋ ሆኑ። በዚያ ሹመት ሳሉ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በውጭ አገር ላሉ ረጂዎቿ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። የነገሩ ምክንያት ይህ ነበር። ረጂዎቹ ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤትና ለእርሻ ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ነበሩ፤ ለወንጌል ሥራ ግን እንደዚያ አይሰጡም ነበር። ደብዳቤው ሰውን ሁለት አድርጋችሁ አትክፈሉት የሚል ነው። የተራበ ሰው እንጀራ ያስፈልገዋል፤ እንጀራ ጠግቦ ግን ተስፋ የሌለው ሰው ገና አልዳነም። ነፍስን ብቻ የሚያይ ሥጋን ይበድላል፤ ሥጋን ብቻ የሚያይም ነፍስን ይበድላል። ሰው አንድ ነውና ሙሉውን ማገልገል ይገባል።

ይህ ነገር ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሆነ ይመስላል፤ ነገር ግን ለልጅም ግልጽ ነው። አንድ ተማሪ ቍርስ ሳይበላ የመጣ ጓደኛውን አይቶ «እጸልይልሃለሁ» ብሎ ዳቦውን ለብቻው ቢበላ ጓደኛው ምን ይጠቀማል? ዳቦውን ሰጥቶ ደግሞ ፊቱን ቢያዞርበትና ከጨዋታ ቢያስወጣውስ? ቄስ ጉዲና ሰውን ሙሉ አድርገው የተመለከቱት ልባቸውን ለእግዚአብሔር ከፍለው ስላልሰጡ ነው። ልቡን የሚከፍል ሰው ባልንጀራውንም ከፍሎ ያያል።

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱና ደርግ የሚባለው የወታደሮች መንግሥት አገሩን ያዘ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ አማኞችም ታሰሩ። ቄስ ጉዲናም ታስረው ተፈቱ፤ ደግሞ ታሰሩ። በዚያን ጊዜ በውጭ ያሉ ወዳጆቻቸውና የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አዘጋጁላቸው። መንገዱ ክፍት ነበር። ቄስ ጉዲና ግን መንጋዬን በመከራ ጊዜ ጥዬ አልሄድም ብለው እምቢ አሉ። ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው በሕይወት ያሉት ወደ ፊት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውን የሐዋርያውን የጳውሎስን ትምህርት ምክንያታቸው አደረጉት።

በዚህ ስፍራ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ አስተዋይ ተማሪ ሁሉ ሊጠይቀውም ይገባል። መሸሽ ኀጢአት ነውን? አይደለም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በአንዲት ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላዪቱ ሽሹ ብሏቸዋል። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብጽ ሸሽቷል። ጳውሎስም ከደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥር ወርዶ አምልጧል። በደርግ ዘመንም እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን በእግራቸው ተጕዘው ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ ወጥተዋል፤ ከዚያም ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደው እንጀራቸውን በድካም እየበሉ በባዕድ አገር ጉባኤ አቋቍመዋል። እነዚህን «ልባቸው ግማሽ ነበር» የሚል ሰው ራሱን ዳኛ አድርጎ ይሾማል።

እንግዲያስ ልዩነቱ ምንድር ነው? ልዩነቱ በተሰጠው አደራ ነው። በጎችን የሚጠብቅ ሰው ጅብ ሲመጣ ቢሸሽ የሚሸሸው ከበጎቹ ነው፤ መንገደኛ ቢሸሽ ግን የሚሸሸው ከጅቡ ብቻ ነው። የቄስ ጉዲና ምእመናን አብዛኞቹ በወለጋና በሌላውም አገር የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ የሚወጡበትን መንገድ የሚያዘጋጅላቸው ፕሬዚዳንት አልነበራቸውም። እረኛው ቢወጣ ኖሮ እነርሱን «ጽኑ» የሚል ደብዳቤ ከውጭ አገር ሊልክላቸው ይችል ነበር፤ ግን ያን ደብዳቤ በምን ዐይን ያነቡት ነበር?

ሌሎችም ደግሞ እንዲህ ይላሉ። ቄስ ጉዲና ሲሞቱ ዕድሜያቸው ኀምሳ ገደማ ነበር፤ ቢሸሹና ቢተርፉ ገና ብዙ ዓመት ባገለገሉ፣ ብዙ መጽሐፍም በጻፉ ነበር። ይህን ተቃውሞ እንደ ቀላል ነገር ማሳለፍ አይገባም። እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ብልህ መሪ ዐጣች፤ ልጆቻቸውም አባት ዐጡ። ሙሉ ልብ ዋጋ የለውም ብሎ የሚያስተምር መምህር ቢኖር ልጆችን ያታልላል። ዋጋውንም ሁልጊዜ የሚከፍለው ውሳኔውን ያደረገው ሰው ብቻ አይደለም፤ በቤት ያሉትም ይከፍሉታል። ነገር ግን የሰው አገልግሎት በዓመት ብዛት ብቻ አይመዘንም። ያስተማረውን ቃል በአደጋ ቀን የሚተው አስተማሪ ሃያ ዓመት ቢጨምር ሃያ ዓመት ሙሉ የሚሰማው ሰው «አንተስ?» ይለዋል።

ስለ ቤት ከተነገረ ዘንድ የወይዘሮ ፀሐይ ነገር በጥቂቱ ሊታለፍ አይገባም። ሰዎች የቄስ ጉዲናን ስም ይጠራሉ፤ የእርሳቸውን ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። የባላቸው ፈተና በአንዲት ሌሊት ተፈጸመ። የእርሳቸው ፈተና ግን ገና መጀመሩ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ተይዘው ታሰሩ፤ ብዙም ተሠቃዩ፤ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ቤት ተቀመጡ። ባላቸው ይሙት ይኑር የሚነግራቸው አልነበረም። በእነዚህ ዓመታት ልጆቻቸው ያለ እናት አደጉ።

አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት መጽናት ይችል ይሆናል፤ ሰዓቱ ራሱ ያበረታዋልና። ዐሥር ዓመት ግን ከሦስት ሺሕ ስድስት መቶ የሚበልጥ ማለዳ ነው። በየማለዳው በዚያው ግንብ ውስጥ መንቃት፣ በዚያው ማለዳ ደግሞ መጸለይ፣ መልስ የመጣ ሳይመስል መጸለይ፣ ይህ ከቈራጥነት ሌላ ነገር ይፈልጋል። የተራበ ሰው በእስር ቤት እንጀራ ለማከማቸት አይችልም፤ እምነትም እንዲሁ በመከራ ቀን ከወዴት ይምጣ? ቀድሞ የተከማቸው ብቻ ይገኛል። ልጅ በሰላም ቀን የሚማረው ጸሎት፣ የሚያጠናው ቃል፣ ስለ እውነት የሚቀበለው ትንሽ ቅጣት ጎተራ ውስጥ እንደሚገባ እህል ነው። እህል በመከር ጊዜ ካልገባ በክረምት ጎተራውን ቢያንኳኩት ድምፅ እንጂ እህል አይሰጥም።

ወይዘሮ ፀሐይ ከእስር ወጡ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. የቄስ ጉዲና ዐፅም የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢ ተገኘ። በዚያችው በተያዙባት ሌሊት እንደ ተገደሉ ያን ጊዜ ታወቀ። ዐፅማቸውም ከዚያ ወጥቶ በአዲስ አበባ በክብር ተቀበረ። ከተያዙ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶ ነበር።