«ማን ለቀመው? ምን ተከፈለው?»፦ የግዳጅ ሥራ ጥያቄ ከሐረና ቡና እስከ ቤት ሠራተኛ

ከታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ጀምሮ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ተፈጻሚ ይሆናል። ሕጉ ቡናንም ስለሚመለከት፣ የደሎ መናን የሐረና ጫካ ቡና ወደ አውሮፓ የሚልክ ነጋዴ «ማን ለቀመው? ምን ተከፈለው?» ለሚል ገዢ መልስ ሊያዘጋጅ ይገባል። በቤተሰቡና በደቦ ለሚለቅም ገበሬ ይህ ብዙም አያሰጋም፤ የቀን ሠራተኛ የሚቀጥር ግን ከአሁኑ የክፍያ መዝገብ ቢይዝ ይበጀዋል።

ጥያቄውን ለአውሮፓ ሸማች ብቻ መተው ግን አይገባም። በሮቤ፣ በጎባም ሆነ በድሬ ሼክ ሁሴን የቤት ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው እርሱም የጉልበት ገዢ ነው። ደላላው «በርካሽ አመጣልሃለሁ» ሲለው፣ ርካሽነቱ ከሠራተኛዋ ልጅነት ወይም ደመወዟ በእጇ ካለመግባቱ የመጣ እንዳይሆን መጠየቅ የእርሱ ፈንታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ ግን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በበኩሉ ደላላውን ብቻ ሳይሆን፣ ሰውን ለብዝበዛ የተቀበለውንም በወንጀል ይጠይቃል።